ለውሻ ስታነብ ድምፅዋ ይወጣል

ልጆች ለውሻ ጮክ ብለው ስለማንበባቸው የምናወራበትን ይህን የውይይት ክር በወላጆች መድረካችን ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስካሁን 41 መልስ ገብቶበታል። አዲስ የሚመጡ ወላጆች ሁሉን ማንበብ እየታከታቸው፣ ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ ከታች ደግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የመድረኩ አስተባባሪ የተባባልነውን በአንድ ቦታ እንድጽፈው ጠየቀችኝ። የማንንም ቃል አልገለብጥም። የገባኝን በራሴ አነጋገር ነው የምጽፈው። የመልሶቹን ቁጥር ግን እጠቅሳለሁ፤ ዋናውን ማየት የፈለገ ወደዚያ ይሂድ።

መነሻው ልጄ ናት። 8 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም። ክፍል ውስጥ ጮክ ብለሽ አንብቢ ስትባል ግን ድምፅዋ ይጠፋል። አንድ ቀን አንድ ቃል አቅቷት ስትቆም ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። እኔም ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስነብባት ነበር። ቃል በሳተች ቁጥር ቶሎ ብዬ አርማታለሁ። እሷ ከመጽሐፉ ይልቅ የእኔን ፊት ታያለች። ቀጣዩን ቃል ሳትጀምር በፊት ቀና ብላ ታየኛለች። ይህን ያስተዋልኩት በጣም ዘግይቼ ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

አንድ ቅዳሜ ሰፈራችን ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ልንመልስ ሄድን። የልጆቹ ክፍል ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አንዲት ትልቅ ወርቃማ ውሻ ተኝታለች። ስሟ ዴዚ ነው። አጠገቧ ባለቤቷ፣ አንዲት ጠና ያሉ አሜሪካዊት ሴትዮ፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ልጆች በየተራ 15 ደቂቃ ለዴዚ ያነባሉ። ልጄ መጀመሪያ እጄን አልለቅም አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እኔ ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነበር የምሰማው። አንድ ቃል ላይ ቆመች። ማንም ምንም አላላትም። ዴዚ ጆሮዋን እንኳን አላነቃነቀችም። ልጄ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ በሦስተኛው አወጣችውና ቀጠለች። መጽሐፉን ጨረሰች። ከመደርደሪያው ጀርባ ማልቀሴን በክሩ ላይም ጽፌዋለሁ፤ እዚህም አልደብቀውም።

ማታ ቤት ገብቼ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ልጁን እንዲህ ያስነበበ ሌላ ሐበሻ ወላጅ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ለአማርኛ ንባብስ ይሠራል ወይ?

የመጀመሪያዎቹ መልሶች የምርቃት ነበሩ። ቁጥር 1 ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈች እናት ናት። እግዚአብሔር ያሳድግልሽ ካለችኝ በኋላ የእሷም ልጅ እንደዚሁ መሆኑን፣ እሷ ግን ስንፍና መስሏት ስትቆጣው መኖሯን ነገረችን። ቁጥር 2 ስንት እንደሚያስከፍልና እንዴት እንደሚመዘገቡ ጠየቀ። ቁጥር 3 ልጇ ውሻ ሲያይ እንደሚያለቅስ፣ እንዲህ ላለ ልጅ ምን እንደሚሻል ጠየቀች።

ቁጥር 4 የእኔው መልስ ነው። ክፍያ የለውም፤ ሴትዮዋ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ዴዚ ደግሞ እንዲያው ከመንገድ የመጣች ውሻ አይደለችም። በማታውቀው ሰው መነካትን፣ ድንገተኛ ጩኸትን፣ የልጆች ግርግርን እንደምትችል ተፈትናለች። ክትባቷ የተሟላ ነው። ታጥባና ጥፍሯ ተቆርጦ ነው የምትመጣው። ሲደክማት ተነስታ መሄድ ትችላለች፤ ማንም አይይዛትም። ልጅ የሚቀመጠው ከእሷ እኩል፣ መሬት ላይ ነው። ውሻ የሚፈራ ልጅ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ሌሎች ሲያነቡ ማየት እንደሚችል ሴትዮዋ ነግረውኝ ስለነበር ያንንም ለቁጥር 3 ጻፍኩላት።

ከዚያ ቁጥር 5 መጣ። ከዳላስ የጻፈ አባት ነው። ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ባይ ነው። በአገራችን የውሻ ቦታው በር፣ ሥራውም መጮህ መሆኑን አስታወሰን። ልጅን ማስነበብ የወላጅና የመምህር ድርሻ ነው፤ በራስ መተማመን የሚመጣው ማንበብ ከመቻል እንጂ ውሻ ከመዳሰስ አይደለም የሚል ነበር ነጥቡ። መጨረሻ ላይ እኔ የወላጅነት ሥራዬን ለእንስሳ እንዳስረከብኩ አድርጎ ጻፈ። ይህ ከነከነኝ። ያን ሌሊት አልመለስኩለትም።

ደግነቱ ሌሎች ተነሱ። ቁጥር 6 ሲያትል የምትሠራ ነርስ ናት። ነገሩ ከየት እንደመጣ በደንብ አስረዳችን። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ሳንዲ ማርቲን የምትባል ነርስ ናት። የሰለጠኑ እንስሳትን ወደ ሕሙማን የሚወስድ ኢንተርማውንቴን ቴራፒ አኒማልስ የሚባል ማኅበር ውስጥ ትሠራ ነበር። የታመመ ሰው ውሻ አጠገቡ ሲሆን እንደሚረጋጋ ታያለች። ታዲያ ማንበብ የሚፈራ ልጅስ ለምን አይረጋጋም ብላ አሰበች። የራሷ ውሻ ኦሊቪያ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ከቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ነርሷ አንድ የቆየ ጥናትም ጨመረች። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ነው። ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡ የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ተግባቢ ውሻ ሲኖር ግን ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለእሷ ለነርሷ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ጮክ ብሎ ማንበብ ለልጅ ሰውነት ጭንቀት ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ቁጥር 7ን እመርጣለሁ። የጻፈችው ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር የንባብ መምህርት ናት። በጨዋነት ጀመረች፤ ግን አረመችኝ። በመነሻ ጽሑፌ ላይ ውሻዋ ልጄን ማንበብ አስተማረቻት ብዬ ነበር። እንዲህ አይባልም አለች። ማሳቹሴትስ ያለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አድርጓል። 28 የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ለ6 ሳምንት፣ ገሚሶቹ በሳምንት ለ30 ደቂቃ ለውሻ አነበቡ፤ ገሚሶቹ የተለመደውን የክፍል ትምህርታቸውን ብቻ ቀጠሉ። የማንበብ ችሎታቸው በሁለቱም ወገን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ለውሻ ያነበቡት ልጆች ለትምህርት ቤት ንባብ ያላቸው ስሜት ግን ተሻሽሏል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በእንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጉዳዩ ላይ የተጻፉ 48 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ጥቅም የሚያሳይ ነገር አግኝተዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጥናቶች ደካማ ናቸው ብለው ደምድመዋል። የመምህርቷ ምክር ግልጽ ነበር። ፊደልና ድምፅ ማዛመድ የሚያስተምረው ሰው ነው። ልጅ ፊደል ከተምታታበት፣ ወይም ዓመት ሙሉ ወደፊት ካልሄደ፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና የንባብ ችግሩን የሚመረምር ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። ውሻ የዚህ ምትክ አይሆንም።

አንብቤ ስጨርስ መነሻ ጽሑፌን አስተካከልኩ። አመሰግናታለሁ።

የዳላሱ አባት በቁጥር 8 ፈጥኖ ተመለሰ። ችሎታ ካልተለወጠ ምን ፋይዳ አለው፣ የራሳችሁ መምህርት መሰከረች የሚል ስሜት ነበረው። መምህርቷ በቁጥር 9 ስትመልስለት ትንሽ ከረር አለች። 6 ሳምንት የልጅን ችሎታ የሚለውጥ ጊዜ አለመሆኑን ነገረችው። ቀጥላም በክፍሏ የምታየውን አብራራች። ልጅ ማንበብ ሲጠላ አያነብም። ካላነበበ አይለምድም። ካልለመደ ይብስ ይጠላል። ያንን አዙሪት አንድ ቦታ ላይ መስበር ያስፈልጋል። ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ጥናትም ጠቀሰች። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ 17 ልጆች ናቸው። ከደረጃቸው ትንሽ ከበድ ያለ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ውሻ አጠገባቸው ሲኖር ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡ፤ ሲከብዳቸውም ቶሎ አልተውትም። ልጆቹ ጥቂት መሆናቸውን እሷው ራሷ አልደበቀችም። እኔ ይህን ሳነብ ልጄ ያን ቃል ሦስቴ መሞከሯ ትዝ አለኝ። እኔ አጠገቧ ብሆን ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ እነግራት ነበር።

ከቁጥር 10 ጀምሮ ወሬው ወደ ሃይማኖት ዞረ። አንዲት እናት ልጇ ውዳሴ ማርያም መማር በመጀመሯ፣ ያንን ውሻ ባለበት ማንበብ ነውር ይሆን ወይ ብላ ከልቧ ጠየቀች። በቁጥር 11 አንድ ዲያቆን በትሕትና መለሰላት። ጸሎት በጸሎት ቦታ፣ ተረት በተረት ቦታ ይሁን ባይ ነው፤ ለውሻ የሚነበበው የልጆች ታሪክ ነውና አትጨነቂ አላት። አንድ ነገርም አስታወሰን። በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅም መንገድ ሲሄድ ውሻው ይከተለዋል። ሲመለሱም አብሯቸው አለ። ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤ ውሻውን ልብ አላልኩትም ነበር።

ቁጥር 12 እዚሁ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ የጻፈች ሙስሊም እናት ናት። ሐሳቡን ወዳዋለች። ነገር ግን እነሱ በሚከተሉት መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ መንገድ፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ልብስም ይሁን እጅ ለሶላት ችግር ያመጣባቸዋል። ውሻን ስለመጥላት እንዳልሆነ ለማስረዳትም ብዙ ደከመች። የዋሻው ባልደረቦች ውሻ በቁርኣን መነሳቱን ጠቀሰች። የፈለገችው ልጇ ከዚህ ዕድል እንዳይቀር ሌላ መላ ነበር። ቁጥር 13 በዚህች ሴት ላይ የጻፈው ነገር የሚያሳፍር ነው። ምን እንዳለ አልደግመውም። በቁጥር 14 አስተባባሪዋ ጽሑፉን አጥፍታ ጸሐፊውን ከክሩ አስወጣችው፤ ደግ አደረገች። ስለ ልጆቻችን ልናወራ መጥተን የእናት ሃይማኖት መሳደብ ምን ይሉታል? እኔ ክሩን የከፈትኩ ሰው እንደመሆኔ ይቅርታ ጠየቅኳት።

መላውን ያገኘላት ነርሷ ናት። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በርክስ ካውንቲ ያለ የእንስሳት መጠለያ ልጆች ለድመቶች እንዲያነቡ ያደርጋል። ድመቶቹ ባለቤት አጥተው የተጠለሉ ናቸው። ልጁ ያነባል፤ ድመቷ ሰው ትለምዳለች። ሚዙሪ ውስጥ ደግሞ ልጆች ከመጠለያ ውሾች ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያነቡበት አለ፤ ውሻውና ልጁ በመስተዋት ወይም በፍርግርግ ተለያይተው ነው፣ አይነካኩም። ለድመት ለማንበብ የሶላት ችግር የለም። ያቺ እናት ወደ ኋላ፣ በቁጥር 33፣ ተመልሳ መጥታለች። የጎረቤት ድመት እየመጣች ልጇ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደሚያነብላት ጻፈች። ድመቷ ገሚሱን ጊዜ ጥላው ትሄዳለች። እሱም መጽሐፉን ይዞ ይከተላታል።

ቁጥር 15ን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከኮሎራዶ፣ አውሮራ የጻፉ አባት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው። ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ለእሳቸው ውሻ ማለት ጠላት ነበር። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከቤት ቤት ሲሄዱ ከባለቤቱ በፊት የሚቀበላቸው ውሻ ነው። በትር የሚይዙት ለእሱ ነበር። ባታቸው ላይ ዛሬም ጠባሳ አለ። አሁን የልጅ ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ለውሻ ስታነብ ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉን ለቀው ይወጡ ነበር። አሁን ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ።

ከዚያ ወደ ንባብ ቤት ወሰዱን። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ የሄዱበትን። ዛፍ ሥር ተኮልኩለው ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም የየራሱን፣ ሁሉም በሙሉ ድምፁ ነበር የሚያነበው። ከሩቅ ለሚሰማው የንብ ቀፎ ነው። እሳቸው እንደሚሉት በዚያ ጩኸት ውስጥ አንድ ልጅ ቢሳሳት ጓደኛው አይሰማውም፣ አይስቅበትም። ድምፅን ማውጣት እዚያ አይፈራም ነበር። የሚፈራው የኔታ ፊት ለብቻ ቀርቦ ማንበብ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን ከሃያ ድምፅ መካከል የሳተውን ለይተው ይሰማሉ። እጃቸው ላይ ደግሞ ልምጭ አለ። እኚህ አባት ፊደል ከብዷቸው አያውቅም። ልምጩ እስኪያርፍ የሚጠብቁበት ያ አንድ አፍታ ነው ቃሉን ከአፋቸው የሚነጥቃቸው።

ልምጩ በመነሳቱ ቁጥር 16 እስከ 21 ጠብ ሆነ። እኛን ሰው ያደረገን ዱላ ነው የሚሉ መጡ። ዱላ ከትምህርት ያስኮበለላቸው ጓደኞች ያሏቸውም መጡ። የዳላሱ አባት በመጀመሪያው ወገን ነበር። ብዙ ስድብ የለበትም፤ ግን ማንም ማንንም አልሰማም። የአውሮራው አባት መሃል ገብተው የኔታቸውን እስከ ዛሬ እንደሚወዷቸው፣ ልምጩን ግን ለልጃቸው እንዳላወረሱት ብቻ ተናግረው ዝም አሉ።

ቁጥር 22 ለሁላችንም የሚያስፈልግ ነው፤ በተለይ አገር ቤት ላላችሁ። አዲስ አበባ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው የጻፈው። ጨዋታችንን እንደወደደው፣ ነገር ግን እንደፈራ ነገረን። አንድ ልጅ ይህን ሰምቶ ሰፈር ውስጥ የሚዞር ውሻ አጠገብ ቢቀመጥስ? በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች እስከ 99 ከመቶው በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከንክሻ በኋላ ወዲያው ሕክምና ከተጀመረ ግን ይድናል። ስለዚህ የነከሰ ወይም የቧጨረ ውሻ ሲኖር ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ ነው። ለልጅ ማንበቢያ የሚሆን ውሻ በየጊዜው የተከተበ፣ የቤት፣ ልጅ የለመደ መሆን አለበት። አዋቂ ደግሞ ከአጠገባቸው አይጠፋም። ውሻው ሳይደክመው ካዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይተው። እየበላ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ያለ ውሻ አጠገብ ልጅ አይቀመጥ። ይህን መልስ አስተባባሪዋ ከክሩ ራስ ላይ ሰቅላዋለች።

ሰንሰለቱ ሲነሳ ቁጥር 23 ወዲያው ጻፈች። እሷም አዲስ አበባ ናት። የእነሱ ውሻ ቀን ቀን በር ላይ ታስሮ ይውላል። ታናሽ ወንድሟ ይህን ክር ስታነብለት ሰምቶ መጽሐፍ ይዞ ሊወጣ ሲል በሐኪሙ መልስ ምክንያት ከልክላዋለች። አሁን ለእሷ ያነብላታል። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዓይኗን ሳታነሳ ትሰማዋለች። ለካ የሚያስፈልገው የማያፈጥ ሰው ነው ብላ መደነቋን ጻፈች። መምህርቷ በዚህች መልስ በጣም ደስ አላት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። ቁጥር 24 እኛም አገር እንስሳና መጽሐፍ አብረው የሄዱበት ታሪክ አለን ብሎ በአህያ ጋሪ የሚዞረውን ቤተ መጻሕፍት አነሳ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 25 የሐዋሳ ልጅ ናትና አልቻለችም፤ አረመችው። አዲስ አበባ የነበረው እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ነው። የአህያው የሐዋሳ ነው። ሁለቱም የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሥራ ናቸው። ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው ነው ወደዚህ ሥራ ያስገባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን በዓመቱ ከመረጣቸው 10 ጀግኖች አንዱ ሆነዋል። ከርዕሳችን ወጣ ያለ ነገር ነው፤ ግን ባይነሳ ይቆጨኝ ነበር።

ሁለተኛ ጥያቄዬን፣ ለአማርኛ ንባብስ ይሠራል ወይ ያልኩትን፣ ያነሳልኝ ሰው የተገኘው በቁጥር 26 ነው። ፍራንክፈርት የምትኖር እናት ናት። ስጋቷ ከእኔ የተለየ ነው። እንግሊዝኛውን ወይም ጀርመንኛውን ልጅ ቢሳሳት ነገ ክፍል ውስጥ ይታረማል። አማርኛውን ማን ያርመዋል? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ገና አልመጣም የምንለው ነው። ዋና ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ሌላ። አለ ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ መናገር። ልጁ ቤት ውስጥ ቃሉን ካልሰማው ከወረቀቱ ሊያውቀው አይችልም። ውሻ ደግሞ ለሁለቱም ጭራውን ይቆላል። ስህተቱ ሥር ይሰድዳል ብላ ፈራች። እውነቷን ነው፤ እኔም እፈራለሁ።

መምህርቷ በቁጥር 27 ሁለት ነገር መከረች። አንደኛ፣ ልጁ ሲያነብ አይቋረጥ። አዋቂው ሁለት ቃል ብቻ በልቡ ይያዝ። ንባቡ ካለቀ በኋላ እነዚያን ሁለት ቃላት በጨዋታ መሃል በትክክል ይበላቸው። ሁለተኛ፣ የውሻ ባለቤቶቹ የሚጠቀሙበትን ዘዴ አስረዳችን። ልጁ አንድ ቃል ላይ ሲያዳግተው ወይም ሳይገባው ሲያልፍ፣ ባለቤቷ ልጁን አትጠይቀውም። ውሻዬ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም፣ እስኪ አስረዳት ትለዋለች። የማያውቀው ልጁ መሆኑ ቀርቶ ውሻዋ ትሆናለች። ልጁ ያስባል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ያስረዳል። ካቃተው ሦስቱም አብረው ይፈልጉታል።

ከቁጥር 28 እስከ 36 ያለው በአብዛኛው የየከተማው መረጃ ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ፔትስ አዝ ቴራፒ የሚባለውን በጎ አድራጎት ማኅበር የንባብ ውሾች ጠይቁ ተብሏል። ሌላው ሰው የየሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይጠይቅ።

ቁጥር 37 የዳላሱ አባት ነው። አቋሙን አልለወጠም፤ ለውሻ ማንበብ ዛሬም አይዋጥለትም። ግን በዚህኛው መልሱ ስለ ልጁ ጻፈ። ልጁ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ያነባል። ከአያቱ ጋር በቪዲዮ ሲገናኙ አማርኛ ፊደል አንብቦ ሊያሳያቸው ሞከረ። አዲስ አበባ ያሉት ያጎት ልጆች በአነጋገሩ ሳቁ። በክፋት አልነበረም፣ ጣፍጧቸው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ አማርኛ መጽሐፍ አይነካም። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞላው። አባትየው ሲያስገድደው ልጁ ያለቅሳል። በመጨረሻው መስመር ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ከቁጥር 5 የከነከነኝ ነገር ያን ጊዜ ወጣልኝ። የአውሮራው አባት በቁጥር 38 ስልክ ቁጥራቸውን በግል እንደሚልኩለት፣ ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ደውሎ ለእሳቸው ብቻ ሊያነብላቸው እንደሚችል ጻፉ። ዓይናቸው ስለደከመ ራሳቸው ማንበብ አቁመዋልና የሚያነብላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ጨመሩ። ተደዋውለው እንደሆነ በክሩ ላይ አልተነገረም።

ቁጥር 39 የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ናት፤ ልጄ አማርኛውን ለዴዚ ሞክራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቁጥር 40 ደግሞ እሱን ሳንሰማ አንሄድም ብሎ ደገፋት። ቁጥር 41 የእኔ ነው፤ እስካሁን የመጨረሻው።

ሞክራለች፣ ባለፈው ቅዳሜ። አያቷ የላኩላትን ስለ አንዲት ቡችላ የሚያወራ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ ሄደች። እኔ አላዘዝኳትም። ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። እየጎተተች ነው የምታነበው፤ ፊደል በፊደል። ሁለት ቦታ የሚጠብቀውን አላላችው። ከመደርደሪያው ጀርባ አፌን በእጄ ያዝኩ። የዴዚ ባለቤት አንድም የአማርኛ ቃል አይሰሙም። ጎንበስ ብለው ገጹን አዩና ውሻቸው እንዲህ ያለ ጽሕፈት አይታ እንደማታውቅ ነገሯት። ልጄ ንባቡን አቆመች። ቡ የሚለውን ፊደል በጣቷ ያዘች። ይህ በ መሆኑን፣ ከጎኑ ትንሽ እጅ ሲወጣለት ቡ፣ እጁ ወደ እግሩ ሲወርድ ቢ እንደሚሆን ለዴዚ አስረዳቻት። ከዚያ ቡችላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ ሊሉት ሞከሩ። ች ላይ ተሳሳቱ። ልጄ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ደገመችላቸው፣ እሳቸውም ደገሙ፣ ሦስት ጊዜ። ሊገባደድ ሁለት ገጽ ሲቀር 15 ደቂቃው አለቀ። ተራው የደረሰ አንድ ትንሽ ልጅ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ በር ላይ ቆሞ ነበር።